ከደጃችን ሆና ያላወቅናት ወፍ



አንድ እንግዳ ከሩቅ አገር መጥቶ በገዛ ደጃፋችሁ ስላለው ነገር ቢጠይቃችሁና «አናውቀውም» ብላችሁ ብትመልሱ ምን ይሰማችኋል? ይህ ነገር በእኛ ላይ ደርሷል። ዛሬ የምናካፍላችሁም በዚያ እፍረት ተነሥተን ከተማሪዎቻችን ጋር ስላደረግነው የአንድ ማለዳ ጉዞ ነው።

እኛ በነገሌ ቦረና ከተማ በመምህርነት የምናገለግል ነን። ትውልዳችን ወሎ ነው። በልጅነታችን ከደረሶች መካከል ተቀምጠን ቁርኣንና ኪታብ ቀርተናል፤ ኋላም በዘመናዊው ትምህርት ገፍተን ለመምህርነት ስንበቃ ምደባው ወደዚህ አርብቶ አደር አገር አመጣን። ነገሌ ከአዲስ አበባ በሻሸመኔና በአዶላ በኩል ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የታሪክ መምህራን ከተማዋን የሚያነሧት በ1966 ዓ.ም. ጥር ወር ወታደሮች ስለ ምግብና ስለ ውኃ አቤት ብለው ስላመጹባት ነው፤ ለዚያ ዓመት አብዮት መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበርና። እኛም ስለ ከተማዋ ለተማሪዎቻችን ስንናገር ከዚህ ያለፈ የምንለው አልነበረንም።

«እናንተ መቼ ነው የምታዩዋት?»

ነገሩ የጀመረው ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ከባልደረቦቻችን ጋር ሻይ በወተት ይዘን ተቀምጠን ሳለ ጭቃ የለበሰ ላንድክሩዘር መጥቶ ቆመ። ፀጉራቸው የሸበተ ሁለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ወረዱ። አንገታቸው ላይ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አንጠልጥለዋል። ሾፌራቸው ጎማ ሊያስጠግን ሲሄድ እነርሱ ከጎናችን ተቀመጡ። ሴትዮዋ መምህራን መሆናችንን ስትሰማ ደስ ብሏት ከቦርሳዋ ወፍራም መጽሐፍ አወጣችና የአንዲት ወፍ ሥዕል አሳየችን። «ትናንት ሜዳው ላይ አራት ሰዓት ሙሉ ፈልገን አጣናት፤ እናንተ መቼ ነው የምታዩዋት?» ስትል ጠየቀችን።

ሥዕሉን ተቀባበልነው። የደረቀ ሣር የመሰለች፣ ቡናማ፣ ድንቢጥን ጥቂት የምትበልጥ ወፍ ናት። የባዮሎጂ መምህራችን ሳይቀር «ድንቢጥ ትመስለኛለች» አለ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ወፏ በምድር ላይ የምትገኘው ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ባለው የሊበን ሜዳና በስተምሥራቅ በጅግጅጋ አካባቢ ባለ የሣር ምድር ብቻ መሆኑን ነገረችን። ጡረታ ከወጡ በኋላ ያጠራቀሙትን ገንዘብ አውጥተው ባሕር ተሻግረው የመጡት ለእርሷ ነበር።

እውነቱን እንናገርና መጀመሪያ ሳቅን። ለአንዲት ድንቢጥ ይህ ሁሉ ገንዘብ! ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ግን ሳቁ ቀዘቀዘብን። በዚያ ሜዳ ዳር ባለው መንገድ በመኪና ስንት ጊዜ አልፈናል? ተማሪዎቻችን ስለ ፔንጉዊን ተጠይቀው ይመልሳሉ፤ ፔንጉዊን በረዶ ላይ እንደሚኖር፣ እንቁላሉን እግሩ ላይ እንደሚያስቀምጥ ያውቃሉ። መጽሐፋቸው ላይ ተጽፏልና። አላህ (ሱ.ወ) ከምድር ሁሉ መርጦ በእነርሱ ሰፈር ያኖራትን ፍጡር ግን መምህራቸውም አያውቃት።

ሁለት ስም ያላት አንዲት ወፍ

ከዚያ ወዲህ እየጠየቅንና እያነበብን ጥቂት ነገር አወቅን። ወፏ ፈረንጆች «ላርክ» ከሚሉት ወገን ናት፤ በመድረሳ ዐረብኛ የተማራችሁ «ቁበራህ» ብትሏት ልክ ናችሁ። እኛም በዚህ ጽሑፍ የሊበን ላርክ እንላታለን። ይህ ወገን ከዛፍ ይልቅ መሬት የሚወድ፣ ወንዱ ወደ ሰማይ እየወጣ የሚዘምር ድምፀ መልካም ወፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 ክርስቲያን ኤራር የተባለ ፈረንሳዊ የወፍ ተመራማሪ በነገሌ አጠገብ አገኛትና በ1975 ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቃት። ያን ጊዜ አካባቢው ሲዳሞ ክፍለ ሀገር ስለነበረ የሳይንስ ስሟን በሲዳሞ ሰየመው። ከዚያ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ደግሞ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ገዥ የነበረው ጄፍሪ አርቸር ከኢትዮጵያ ጠረፍ አጠገብ ተመሳሳይ ወፍ አግኝቶ ነበር፤ ያችኛዋ በ1920 በእርሱ ስም ተጠራች። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው ተብሎ ለብዙ ጊዜ ከታመነ በኋላ በጅግጅጋ አካባቢ የተገኙት ወፎች በዘር ምርመራ ሲታዩ የሊበኗና የአርቸሯ አንድ ሆነው ተገኙ። ይህም በ2013 ታተመ። ስለዚህ ስሟ ሁለት፣ ወፏ አንድ ናት ማለት ነው።

በ2007 እና በ2008 በሊበን ሜዳ ላይ የተደረገው ቆጠራ ከ90 እስከ 256 የሚደርሱ አዋቂ ወፎች ብቻ እንዳሉ ገመተ። የሚመቻቸው የሣር መሬትም ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም ነበር። ከ2007 እስከ 2009 ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአንድ መስመር እየተመላለሱ ሲቆጥሩ ያገኟቸው ወፎች በ40 በመቶ ቀነሱ። በዚህ ጊዜ ነበር ተመራማሪዎቹ «በአፍሪካ ዋና ምድር ላይ መጥፋቷ የሚመዘገብ የመጀመሪያዋ ወፍ ይህች እንዳትሆን» ሲሉ ማስጠንቀቅ የጀመሩት። ብሩክታዊት አብዱ የተባለች ኢትዮጵያዊት ተመራማሪም ከባልደረቦቿ ጋር በ2021 ባወጣችው ጥናት የሣሩ ምድር እየጠበበ የወፏም ቁጥር እየወረደ መሄዱን ጽፋለች።

ምክንያቱ አዳኝ አይደለም። ይህችን ወፍ ወጥመድ አጥምዶ የሚበላት የለም። የጎዳት ሣሩ ነው። ሊበን ላርክ ሕይወቷን የምታሳልፈው በሣር መካከል በእግሯ እየሄደች ነው፤ ጎጆዋንም የምትሠራው መሬት ላይ፣ ከሣር ጉቶ ሥር ነው። ሣሩ ከብዛቱ የተነሣ ከብት እስከ ሥሩ ሲግጠው እንቁላሏ ሜዳ ላይ ይጋለጣል። ሰው ቆርሶ ስንዴና ጤፍ ሲዘራበት ጎጆዋ ይታረሳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቁጥቋጦው ነው። የቦረና አርብቶ አደር ከጥንት ጀምሮ ሜዳውን በየወቅቱ በእሳት እያቃጠለ ቁጥቋጦውን ያጠፋ፣ ሣሩን ያድስ ነበር። በ1970ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር መንግሥት ማቃጠልን ከለከለ። ከዚያ በኋላ እሾሁ ሥር ጉንዳን የሚኖርበት እባጭ ያለው ግራር ሜዳውን እየወረሰ መጣ። ሣር ጠፋ፤ ወፏ ጫካ አትወድምና ሸሸች። ላሟም ቁጥቋጦ አትበላምና ከሳች።

ለአስጎብኚ የሚከፈለው

ሜዳው ላይ ያለ አዋቂ መውጣት ከንቱ እንደሚሆን ከባልና ሚስቱ ተምረናል። ስለዚህ ፈረንጆችን ወደ ሜዳው እየመራ የሚተዳደር አንድ የከተማውን ወጣት አፈላልገን አገኘነው። ዋጋውን ስንጠይቀው፦ «ኡስታዝ፣ ለተማሪዎች ከሆነ የነዳጅ ብቻ ቻሉ። ግን ሕግ አለኝ፤ ሕጌን ካላከበሩ ከመንገድ እመልሳቸዋለሁ» አለን።

ሕጉ እነሆ፦ ቀይና ነጭ ልብስ አይለበስም። በሣሩ ውስጥ ተበታትኖ መሄድ የለም፤ ሁሉም በአንድ መስመር የፊተኛውን ዱካ ይከተላል። መሮጥ፣ መጮህ፣ ድንጋይ መወርወር ክልክል ነው። ጎጆ አይፈለግም። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን ተማሪዎቻችንን ያስከፋው ስልክን የሚመለከተው ነበር። የወፏን ድምፅ በስልክ አጫውቶ ወንዱን መጥራት እንደሚቻል አንዱ ሰምቶ ኖሮ «ለምን አታሰማውም? በአምስት ደቂቃ ይመጣል» አለው። አስጎብኚውም፦ «ይመጣል። ሌላ ወንድ ግዛቴን ሊወስድ መጣ ብሎ ምግቡንም ጎጆውንም ትቶ ሲቆጣ ይውላል። አንተ ፎቶ አንስተህ ቁርስህን ትበላለህ» ብሎ መለሰለት። ልጁ ዝም አለ።

ወቅቱ ግንቦት ነበር፤ የአገሩ ሰው «ጋና» የሚለው ዋናው ዝናብ ዘንቦ ሜዳው የለመለመበት ጊዜ። ወንዱ የሚዘምረውም፣ ጎጆ የሚሠራውም በዚህን ጊዜ ነው። ዘጠኝ ተማሪዎች መረጥን፤ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። የሁሉንም ወላጆች ሄደን አስፈቀድን። አንድ አባት «ወፍ ለማየት?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁን፤ ሦስተኛ ሳይጠይቁን ፈቃዳቸውን ተቀብለን ወጣን።

ቅዳሜ ሱብሒ ሰግደን ሚኒባሷ ውስጥ ስንገባ ገና ጨለማ ነበር። ቴምር፣ ዳቦና ሁለት ቴርሞስ ሻይ ይዘናል። መነጽር ግን ለአሥራ ሦስት ሰው ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ የአስጎብኚው፣ አንዱ በልመና የተገኘ።

በሜዳው ላይ

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደረስን። የሊበን ሜዳን በቀትር ብቻ ለሚያውቀው ሰው የማለዳው ሌላ አገር ነው። ጤዛ ያዘለ ሣር እስከ ዐይን ማረፊያ ተዘርግቷል፤ በስተዳር ጥቁር መስመር የመሰለው የግራሩ ቁጥቋጦ ነው። ከሩቅ የከብት ቃጭል ይሰማል።

ሰልፋችንን ይዘን ጀመርን። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሦስት ጊዜ «አየኋት!» ተባለ። ሦስቱም ጊዜ ሌላ ወፍ ሆነች። በዚያ ሜዳ ላይ የላርክ ዘመዶች ብዙ ናቸው፤ አንደኛዋ በየእርምጃው ከእግር ሥር የምትነሣ፣ በመልክም የምትቀራረብ ናት። አስጎብኚው ሳይቆጣ ልዩነቱን አስረዳ፦ «የምንፈልጋት ከራሷ መሐል ላይ ነጣ ያለ መስመር አላት። አንገቷ ቀጭን ነው፤ ጅራቷ አጭር። ቆማ ስታዩዋት የቆቅ ጫጩት ትመስላለች። ደግሞም እንዲህ በቀላሉ አትነሣም፤ በእግሯ ሾልካ ትሸሻለች።»

ቀጥሎ ያለው አንድ ሰዓት አሰልቺ ነበር፤ አንደብቃችሁም። ጫማችን በጤዛ ረጠበ። ልጆቹ ማዛጋት ጀመሩ። እኛም በልባችን «በእነዚያ ባልና ሚስት ላይ የደረሰው በእኛም ሊደርስ ነው፤ ለወላጆቻቸው ምን እንላለን?» እያልን ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ፣ ድንገት ቆመች። ከኋላዋ ያለው ገፋት። እርሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ወደ ሰማይም አላየችም፤ ጆሮዋን ብቻ ወደ ግራ አዘንብላ «ይኸው» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። አስጎብኚው ዞሮ አያት፤ እጁን አነሣና ሁላችንንም አስቆመን።

ሰማነው። አጭር፣ ጥርት ያለ ዜማ ነው፤ ያቆምና ያንኑ ይደግመዋል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሌላ ይጀምራል። ከዚያ ወንዱ ከሣሩ ውስጥ ወጣ። ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፤ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጫፍ ከፍታ ሲደርስ ክንፉን በፍጥነት እያርገበገበ፣ እግሮቹን ወደ ታች ጥሎ፣ አንድ ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በነፋሱ ላይ ቆሞ ይዘምራል። መነጽሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጸሎት ቤት ውስጥ ያለን ያህል ጸጥ አልን። ስምንተኛው ልጅ መነጽሩን ሲቀበል ወፉ ዜማውን አቋረጠና እንደ ድንጋይ ወደ ሣሩ ወደቀ። ጠፋ። በቆመበት ቦታ ሰማይ ብቻ ቀረ። ያ ልጅ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

አላህን እናመሰግናለን፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ተነሣ። ያ ልጅ በመጀመሪያ እንዲያይ ሁሉም ተስማሙ። እኛም ተራችን ደርሶ አየነው። ያን መስመር፣ በራሱ መሐል ያለውን፣ አይተናል። ለሥዕል ሳቢ አይደለም፤ ቀለሙ የሣር ቀለም ነው። በዚያ ከፍታ ላይ ግን እንዲያ ያለ ትንሽ ነገር ያን ያህል ድምፅ ከየት ያመጣዋል?

አንዱ ወንድ ልጅ ወፉ የወደቀበትን ቦታ በዐይኑ ይዞ «ጎጆው እዚያ ነው፤ ቶሎ አይቼ ልመለስ» ሲል አስጎብኚው ክንዱን ያዘው። እኛም በዚህ አጋጣሚ አቡ ዳዉድ የዘገቡትን ታሪክ ነገርናቸው። ሶሓቦች በጉዞ ላይ ሳሉ የአንዲትን ሑመራ የተባለች ትንሽ ወፍ ሁለት ጫጩቶች ወሰዱ። እናቲቱ መጥታ ክንፏን እየዘረጋች ስታንዣብብ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አይተው በልጆቿ ያስጨነቋት ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ጫጩቶቿም እንዲመለሱላት አዘዙ። ልጁ ይህን ሰምቶ «እኔ እኮ አልወስድም፤ ማየት ብቻ ነው» አለ። አስጎብኚው «የረገጥከውን ሣር ተከትሎ ቀበሮ ያየዋል» አለው።

ቀስ ባለ ድምፅ ያችን ልጅ «እንዴት ለየሽው?» አልናት። «ኡስታዝ፣ ትንሽ ሆኜ እዚህ ጥጃ ስጠብቅ በየቀኑ እሰማው ነበር» አለችን። «ብርቅ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።»

የሣር አጥሩ

ሻያችንን የጠጣነው «ካሎ» አጠገብ ነው። ካሎ ማለት በቦረና ባህል ለጥጆችና ለደካማ ከብት ተብሎ የሚከለል ግጦሽ ነው። ዝናብ ዘንቦ ሣሩ እስኪያድግና ዘር እስኪጥል ከብት አይገባበትም፤ በደረቁ ወቅት ይከፈታል። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር፣ ኤስ.ኦ.ኤስ. ሳህል ኢትዮጵያና ዓለም አቀፉ የወፎች ጥበቃ ድርጅት በርድላይፍ ሊበን ላርክን ለማዳን ከሕዝቡ ጋር ሲመክሩ የያዙት መንገድ ይኸው የቆየ ባህል ነው። ሕዝቡ ግራሩን ቆርጦ፣ በዚያው እሾህ ሰፊ መሬት አጠረ። በአጥሩ ውስጥና በአጥሩ ውጭ ያለው ሣር ልዩነት ለዐይን የሚታይ ነው፤ ውስጡ እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ ውጩ የተላጨ ነው። ወንዱ የተነሣውም ከውስጥ ነበር።

ይህን ሁሉ በሰማን ጊዜ ደስ ብሎን «መፍትሔው ተገኝቷላ!» አልን። የከተማ ሰው ደስታ ነው።

የአጥሩ ጠባቂ ሽማግሌ ኮፍያ ያደረጉ፣ ረዥም በትር የያዙ ሰው ናቸው። ሰላምታ ከተለዋወጥንና ሻይ ከሰጠናቸው በኋላ ያች ልጅ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ወዲያው አልመለሱም። አስጎብኚውን «ምን አለች?» ስንለው እንዲህ ተረጎመልን፦ «በድርቁ ጊዜ የማን ጥጃ ነው የገባው? ነው የምትለው።»

ልጅቱ የጠየቀችው ከወሬ ተነሥታ አይደለም። ከእ.ኤ.አ. 2020 መጨረሻ አንሥቶ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው የከዱበትን ድርቅ የቦረናና የጉጂ ሰው መቼም አይረሳውም። የእርሷ ቤተሰብ በዚያ ጊዜ ከብቱን ጨርሷል ማለት ይቻላል። ከተማ መጥታ ከአክስቷ ጋር እየኖረች የምትማረውም ስለዚሁ ነው። ይህን እኛ ያወቅነው በዚያ ቅዳሜ ነው፤ አንድ ዓመት አስተምረናታል።

ሽማግሌው ሲመልሱ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ መጀመሪያ የሚገባው አንድ ላም ያለው ሰው ጥጃ ነው ብለን ተማምለን ነበር። ሣሩ ግን ለሁሉም አልበቃም። ከሩቅ የመጣም አለ፤ ያም የሞተበት ነው፣ እንዴት እንመልሰው? አንድ ብዙ ከብት ያለው ሰው ደግሞ ሌሊት አጥሩን ቆርጦ አስገባ። በማግስቱ ተጣላን። ሽማግሌ ገባ፤ ከስንት ቀን በኋላ ታረቅን። ሣሩ ግን አልቆ ነበር።»

በዚህን ጊዜ ልጅነታችን ትዝ አለን። በቂርአት ቤት ሳለን ስለ «ሒማ» ተምረናል። ሒማ የተከለለ ግጦሽ ነው። ከኢስላም በፊት ኃያሉ ሰው ውሻውን ከፍ ባለ ቦታ ያስጮህና ድምፁ እስከሚሰማበት ድረስ ያለውን ግጦሽ ለራሱ ይከልል እንደነበር ሊቃውንት ጽፈዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን አስቀሩ፤ አን-ነቂዕ የተባለውን ቦታም ለሕዝቡ ጥቅም፣ ለፈረሶች፣ ከለሉ። ኋላ ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) አር-ረበዛን ከልለው ሁነይ የተባለ አገልጋያቸውን ጠባቂ አደረጉት። ቡኻሪ እንደዘገቡት ለዚህ ጠባቂ የሰጡት ትእዛዝ ግልጽ ነበር፤ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ሰው እንዲያስገባ፣ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዳያስገባ። ምክንያታቸውም እነዚያ ባለጸጎች ከብታቸው ቢያልቅ የሚመለሱበት ተምርና እርሻ አላቸው፤ ድኃው ግን ያለችው ከሞተችበት ልጆቹን ይዞ ወደ መሪው ደጃፍ ይመጣል የሚል ነው። ስማቸው የተጠራው ሁለቱ ሰዎች ከታላላቅ ሶሓቦች መሆናቸውን ልብ በሉ።

ይህን በአስጎብኚው በኩል ለሽማግሌው አጫወትናቸው። ጸጥ ብለው አዳመጡ። «ሰይዲና ዑመር ይህን ብለዋል?» አሉና ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፦ «በርሲሳ፣ ያ ጠባቂ ሌሊት ይተኛ ነበር?» አሉን። («በርሲሳ» በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው።) ሁሉም ሳቁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። እኛም ኪታቡ ላይ ያላነበብነው ነገር ስለሆነ መልስ አልነበረንም።

ወፏን ይወዷት እንደሆነ ጠየቅናቸው። ጥያቄያችን ገረማቸው መሰለን። «ወፏ ስትጮህ ሣር አለ ማለት ነው» አሉ። «ዝም ስትል እኛም መንገድ እንጀምራለን።» ፈረንጆች ወፏን ብለው መጥተው አጥሩን ስላገዙ ደስ ብሏቸዋል፤ ነገር ግን ከመካከላቸው «ሣሩ የወፍ ነው» ብሎ የተናገረ እንግዳ እንደነበረና በዚያ የተቀየሙ ሰዎች እንዳሉም አልደበቁንም። እኛ ይህ ቅያሜ ትክክል ይመስለናል። አጥሩን የቆረጠውም፣ የጠበቀውም፣ በድርቅ ጊዜ የራሱን ላም ከውጭ አቁሞ ሣሩን ያየውም ይህ ሕዝብ ነው። ወፏ እስከ ዛሬ ካለች በእነርሱ ካሎ ውስጥ ነው ያለችው።

መልስ ጉዞ

ፀሐይዋ ስትበረታ ወንዶቹ ወፎች ዝም አሉ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሚኒባሷ ተመለስን። ልጆቹ መንገዱን ሁሉ ያን ዜማ በፉጨት ሊያወጡት ሲታገሉ ነበር፤ አንዳቸውም አልቻሉም። ያች ልጅ በመስኮት እያየች ዝም ብላለች። እኛ ደግሞ ለዚህ ወረዳ ልጆች ስለ ወረዳቸው የምናስተምረው ስንት ገጽ ይሆናል እያልን በልባችን ስንቆጥር ከተማ ደረስን።

ሰኞ ዕለት ሁሉም ያዩትን በደብተር ጽፈው እንዲያመጡ አዘዝናቸው። የወፎቹን ዓይነትና ቁጥር ብቻ ነበር የጠየቅናቸው። አብዛኛዎቹ ባለቀለም ሥዕል ጭምር አመጡ፤ አንዱ የወፉን ጅራት ከመጠን በላይ አስረዝሞታል። የዚያች ልጅ ደብተር ላይ ያለው ሥዕል የሌለው ሦስት መስመር ነው። «የሊበን ላርክ፦ አራት ወንድ ሰማን፣ ሁለት አየን።» ቀጥሎ፦ «ሌላ ላርክ፦ ብዙ።» ከዚያ ሥር፣ እኛ ያልጠየቅነውን፣ እንዲህ ስትል ጨምራለች፦ «ከአጥሩ ውጭ ቆመው የሚጠብቁ ጥጆች፦ 37።»

አርመን ስንመልስላት ያን መስመር አልሰረዝነውም።